በትልልቅ መደብሮች የሚስጥራዊ ሸማችነትን ሥራ ጊዜ ሳያባክኑ መሥራት የሚቻለው እንዴት ነው? (ደሴና ኮምቦልቻ)

ጥያቄ፦ የጦሳ ጥላ፣ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ በማርኬቲንግ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ያልቆየሁ ወጣት ነኝ። ካለፉት አምስት ወራት ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ለሆነ የገበያ ጥናት ድርጅት በሚስጥራዊ ሸማችነት፣ ብዙዎች ሚስትሪ ሾፒንግ በሚሉት ሥራ፣ እያገለገልኩ እገኛለሁ። ሥራውን ለማታውቁት በአጭሩ ለመግለጽ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች፣ የኤሌክትሮኒክስና የቤት ዕቃ መሸጫዎች እገባለሁ፤ ሠራተኞቹን ስለ ዕቃው እጠይቃለሁ፤ ጥቂት ነገር እገዛለሁ፤ ከወጣሁ በኋላ አቀባበሉ፣ የዋጋ መለያው፣ ንጽሕናውና የሂሳብ አከፋፈሉ ምን እንደሚመስል በተሰጠኝ ቅጽ ሞልቼ እልካለሁ። ለአንድ ጉብኝት 500 ብር ይከፈለኛል፤ እስከ 200 ብር ለሚደርስ ግዢም ደረሰኝ ሳቀርብ ገንዘቡ ይመለስልኛል።

የቸገረኝ ጊዜው ነው። ቅጹ 64 ጥያቄዎች አሉት። አንዱን ስከታተል ሌላው እየጠፋብኝ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሦስትና አራት ጊዜ ስለምመላለስ መደብሩ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል እቆያለሁ፤ ይህን ያህል የሚቆይ ሰው ደግሞ የጥበቃ ሠራተኛው ዓይን ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ሪፖርቱን መጻፍ ሌላ ሦስት ሰዓት ይወስድብኛል። ብዙ ጊዜ የምጽፈው በማግስቱ በመሆኑም ገንዘብ ተቀባይዋ አመስግናኝ እንደሆነና እንዳልሆነ እንኳ እርግጠኛ መሆን ያቅተኛል። ባለፈው ወር ሁለት ሪፖርቶች ተመልሰውብኛል። አንደኛው እኔ የጻፍኩት ሰዓትና በደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት ባለመገናኘታቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ሠራተኛዋ ተሰላችታ ነበር" ብዬ በመጻፌ ሲሆን፣ ምን አይቼ እንደዚያ እንዳልኩ ስጠየቅ የምመልሰው አጣሁ።

ከዚህ ሌላ፣ እንደምታውቁት ደሴ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መደብር ስገባ የምገመግማት ሠራተኛ የአክስቴ ጎረቤት ሆና አገኘኋት። የእናቴን ጤና ጠይቃ፣ የምፈልገውን ዕቃ ራሷ ከመደርደሪያው አውርዳ፣ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ይህ አቀባበል ለሁሉም ደንበኛ የሚደረግ ይሁን ለእኔ ብቻ የተደረገ ለማወቅ ምንም መንገድ አልነበረኝም።

በዚህ ሥራ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የመደብሩንም የሪፖርቱንም ጊዜ የምታሳጥሩት እንዴት እንደሆነ፣ ማስታወሻ ሳይነቃባችሁ እንዴት እንደምትይዙ፣ ትውውቅ ሲያጋጥም ምን እንደምታደርጉ ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ቦርከና፣ ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ እንኳን ወደዚህ ሥራ በደህና መጡ። እኔ በዚህ ሥራ አራት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ እስከ ወልዲያ ድረስ እሠራለሁ። መጀመሪያ ላይ የገጠመኝ ችግር የእርስዎ ስለነበር መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

እንደምረዳው ጊዜዎን የሚወስድብዎት ቅጹን መደብሩ ውስጥ ሆነው ለማስታወስ መሞከርዎ ነው። ቅጹን የሚያዘጋጁት ሰዎች ጥያቄዎቹን የሚያስቀምጡት በርዕስ ነው፤ የንጽሕናው በአንድ ወገን፣ የሠራተኛው በሌላ ወገን ይሆናል። እግር ግን የሚሄደው በቦታ ነው። ስለዚህ ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ማታ ቅጹን ይዤ እቀመጥና በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ መልሱ የሚገኝበትን ቦታ እጽፋለሁ፦ ደጃፍ፣ መተላለፊያ፣ መደርደሪያ፣ ሠራተኛ፣ ሂሳብ መክፈያ። ያስፈሩ የነበሩት 64 ጥያቄዎች እንዲህ ሲደለደሉ አምስት ማረፊያዎች ብቻ ይሆናሉ፤ መደብሩን አንድ ጊዜ ዞሮ መውጣት የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው። ይህ የማታ ሥራ ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም፤ ቅጹ ካልተለወጠ ደግሞ ለሚቀጥሉት ጉብኝቶች ሁሉ ያገለግላል።

ከድልድሉም የሚበልጥ አንድ ነገር ልጨምር። ከጥያቄዎቹ ውስጥ አንዳንዶቹ የሚያልፉ፣ አንዳንዶቹ የሚቆዩ ናቸው። ሰላምታ ያልፋል፤ የተጠበቀው ደቂቃ ያልፋል፤ ሠራተኛዋ የተናገረችው ቃል ያልፋል። የዋጋ መለያ መኖር አለመኖሩ፣ ወለሉ መጸዳት አለመጸዳቱ፣ የተበላሸ ዕቃ መደርደሪያ ላይ መኖሩ ግን ባለበት የሚቆይ ስለሆነ ሲወጡም ያዩታል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች የምሰጠው ለሚያልፉት ብቻ ነው። እርስዎን እንደሚያመላልስዎት የገለጹት ነገር ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ከመሞከር የመጣ ይመስለኛል።

ማስታወሻን በተመለከተ፣ በእጅ የተጻፈ የአስቤዛ ዝርዝር የያዘን ሰው ማንም አይጠረጥርም። በዝርዝሩ ላይ "ስኳር 3" ብዬ ስጽፍ ሠራተኛ እስኪመጣ ሦስት ደቂቃ ጠበቅሁ ማለት ነው፤ "ሳሙና 2" ማለት ደግሞ ሂሳብ መክፈያው ላይ ሁለት ሰው ቀድሞኝ ነበር ማለት ነው። ኮዱን ራስዎ ያውጡት፤ ሳይለዋውጡ መጠቀምዎን ብቻ አይርሱ። ለሰዓት ሚስ ኮልን እጠቀማለሁ። በሩን ስገባ፣ ሠራተኛው ሲመጣና ከሂሳብ መክፈያው ስነሣ ቤት ወደማስቀምጠው ሁለተኛ ስልኬ ደውዬ እዘጋለሁ። ማታ የጥሪ ዝርዝሩን ስከፍተው ሦስቱም ሰዓቶች ተመዝግበው ይጠብቁኛል።

የተመለሰብዎት የመጀመሪያው ሪፖርት የሰዓት አቆጣጠር ችግር ይመስለኛል። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ደረሰኙን የሚያትመው በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። እርስዎ ከቀኑ 9፡40 ብለው የጻፉት ደረሰኙ ላይ 15፡40 ሆኖ ይወጣል። አራሚው አዲስ አበባ ተቀምጦ ሁለቱን ሲያስተያይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያያልና ሪፖርቱን ቢመልስ አይፈረድበትም። ቅጹ በየትኛው አቆጣጠር እንዲሞላ እንደሚፈለግ አስተባባሪዎን አንድ ጊዜ ጠይቀው ይወስኑ፤ እስከዚያው ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ። ደረሰኙን እንደወጡ ወዲያውኑ ፎቶ ያንሡት። ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም በመሆኑ ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ቢቆይ ቀለሙ ይጠፋል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ የደረሰኝ ቁጥሩና ሰዓቱ የማይነበብ ደረሰኝ ደግሞ ገንዘብዎን አያስመልስም።

ዋጋ ሲያመሳክሩ በአንድ ዕቃ ላይ ያተኩሩ፤ አምስት ዕቃ ማመሳከር ድካም ብቻ ነው። መለያው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካተተ መሆን አለመሆኑን ግን አጣርተው ይጻፉ። መለያው 200 ብር ብሎ ደረሰኙ ላይ 230 ብር ቢወጣ፣ ልዩነቱ የታክሱ እንጂ የተሳሳተ ዋጋ ላይሆን ይችላል። መለያው ታክሱ ያልተካተተበት መሆኑን ለደንበኛው ካልገለጸ ያ ራሱን የቻለ ጉድለት ስለሆነ እንደዚያው መጻፍ ይኖርበታል።

የቀን ምርጫም ጊዜ ይቆጥባል። በእኛ አካባቢ ዓርብ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ የጁምዓ ጸሎት ስለሆነ ብዙ ሠራተኞች ከቦታቸው ይነሣሉ። በዚያ ሰዓት ገብቶ "ሠራተኛ አጣሁ" ብሎ መጻፍ ለመደብሩም ፍትሐዊ አይደለም፤ ጉብኝቱንም ከንቱ ያደርገዋል። ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን በመሆኑ ባጃጅም ሚኒባስም ይጨናነቃል። እኔ ኮምቦልቻን በጠዋት ጨርሼ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ፣ የደሴን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እሠራለሁ። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ያዘገያል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስ የለብዎትም።

መልስ፦ ሳይንት፣ ከደሴ

እኔ እንኳ ይህን ያህል አልደክምም። ስልኬን ድምፅ መቅረጫ ላይ አድርጌ ደረት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ቤቴ ስገባ አዳምጬ እጽፋለሁ። የሠራተኛው ቃል አንድም ሳይጎድል ይገኛል።

መልስ፦ የቀድሞ የፎቅ ኃላፊ፣ ከደሴ

ልጄ ሳይንት፣ ይህን ነገር ብትተወው እመክርሃለሁ። ሰው ሳያውቅ ድምፁን መቅዳት ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሰዎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የቀጠረህ ድርጅት በጽሑፍ ካልፈቀደልህና መደብሩም ለሠራተኞቹ ካላሳወቀ በቀር ቢነቃብህ የምትጠየቀው አንተ ነህ። ደግሞስ ጊዜ የሚቆጥበው የት ላይ ነው? የአንድ ሰዓት ቅጂ ለማዳመጥ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። አብሽሪ ልጄ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። እኔ ሚስጥራዊ ሸማች ሆኜ አላውቅም፤ ነገር ግን በአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ዘጠኝ ዓመት የፎቅ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ እናንተ የምትልኩት ሪፖርት በየሦስት ወሩ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ከወዲያኛው ወገን ያየሁትን ልንገርሽ።

አንድ ጊዜ የመጣ ሪፖርት "ጥቁር ሻሽ ያደረገች፣ ወፈር ያለች ሠራተኛ ደንበኛ እያየች ስልክ ታወራ ነበር" ይላል። በዚያ ፈረቃ ጥቁር ሻሽ ያደረጉ ሦስት ልጆች ነበሩን። ሥራ አስኪያጁ አንዷን መርጦ ማስጠንቀቂያ ጻፈባት፤ ጉርሻዋም ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የፈረቃውን መዝገብ ሳገላብጥ ያቺ ልጅ በተባለው ሰዓት ምሳ ላይ እንደነበረች ተረዳሁ። ማስጠንቀቂያው ተነሣላት፤ ልጅቱ ግን ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀች። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ያመጣው የጸሐፊው ክፋት አልነበረም፤ በማግስቱ ከትዝታ መጻፉ ነው። እንደ ወሎ ባለ አገር ሻሽ፣ ሂጃብና ነጠላ የሁሉም ልብስ ስለሆነ ሰውን ለይቶ አያሳይም። የደረት ባጇን ስም ካነበብሽ ጻፊው፤ ካላነበብሽ ቁመቷን ከራስሽ ቁመት ጋር አነጻጽረሽ፣ መነጽር ማድረግ አለማድረጓን፣ የትኛው ክፍል ውስጥ በየትኛው ደቂቃ እንደቆመች ጻፊ። ደቂቃው ከመልኳ ይበልጣል፤ በፈረቃ መዝገብ የሚገኘው በደቂቃው ነውና። ሃይማኖቷን ወይም የመጣችበትን አካባቢ ግን በግምት እንዳትጽፊ።

"ተሰላችታ ነበር" የሚለው የተመለሰብሽም በዚሁ ምክንያት ነው። መሰላቸት የልብ ነገር ነው፤ አንቺ ያየሽው ሌላ ነው። "ስለ ማቀዝቀዣው ዋስትና ስጠይቃት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ 'እዚያ ተጽፏል' አለችኝ" ብትይ ማንም አይመልስብሽም፤ ለመጻፍም ይቀላል፤ ያየሽውን ነውና የምትጽፊው። ሦስት ሰዓት የሚፈጅብሽ ስሜትሽን ለማስረዳት ቃል ስትፈልጊ ይመስለኛል።

ደግሞ ይህን እወቂ፤ ሥራ አስኪያጆች ከ64ቱ ጥያቄዎች አብዛኞቹን በመቶኛ ተደምረው ነው የሚያዩዋቸው። ቃል በቃል የሚያነቡት "አይደለም" ያልሽባቸውን ማብራሪያዎችና መጨረሻ ላይ ያለውን ነጻ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጉልበትሽን እዚያ አውዪ፤ "አዎ" ያልሽው ላይ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የዋጋ መለያና ደረሰኝ ጉዳይ ሲሆን ግን ረጋ በይ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የምትጽፊው ጉድለት ከመስተንግዶ አልፎ በሕግ የሚያስጠይቅ ስለሆነ የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ዕቃ እንደሆነ በትክክል መቀመጥ አለበት።

መልስ፦ የሐይቅ ልጅ፣ ከሜሪላንድ

ወገኖቼ፣ ሐይቅ ተወልጄ አሁን አሜሪካ የምኖር ሰው ነኝ። እዚህ በዕረፍት ቀኖቼ በትልልቅ የልብስና የቤት ዕቃ መደብሮች ስድስት ዓመት በዚሁ ሥራ ሠርቻለሁ። ሥራው እዚህ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስሙን ሲያገኝ የሠራተኞችን ታማኝነት፣ በተለይም የገንዘብ አያያዛቸውን ለማጣራት ይውል ነበር፤ ወደ መስተንግዶ ያዘነበለው በኋላ ነው። ይህን የማነሣው ዛሬም ብዙ ሠራተኞች ሚስጥራዊ ሸማችን እንደ ሰላይ የሚያዩት ከዚያ ታሪክ የተነሣ ስለሚመስለኝ ነው።

ስለ ጊዜ አጠቃቀም ከተነገሩት ላይ የምጨምረው ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ አንድ ጉብኝት ለብቻው አያዋጣም። እዚህ በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ አራትና አምስት መደብሮች የተለያዩ ድርጅቶች ሥራ ስለሚያወጡባቸው፣ እኔ መጀመሪያ ቦታውን እመርጥና በዚያ ቦታ ያሉትን ሥራዎች ሰብስቤ እቀበል ነበር። እህታችንም አስተባባሪዋን የኮምቦልቻዎቹን በአንድ ቀን፣ የደሴዎቹን በሌላ ቀን አድርጎ እንዲሰጣት ብትጠይቅ የትራንስፖርት ወጪዋ በብዙ ይቀንሳል። አስተባባሪዎች ቀኑ የተጠበቀ ሪፖርት እስካገኙ ድረስ ይህን ጥያቄ አይጠሉትም።

ሁለተኛ፣ ብዙ ክፍል ባለው ትልቅ መደብር አንድ ታሪክ ይዛችሁ ግቡ። "እህቴ ልታገባ ስለሆነ ስጦታ እፈልጋለሁ" ካላችሁ በዚያው ታሪክ ጫማውንም፣ ድስቱንም፣ መጋረጃውንም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ የሚያይ ሠራተኛ የተለየ ነገር አይታየውም። በየክፍሉ የተለያየ ታሪክ የፈጠርኩ ቀን ሁለት ሠራተኞች ስለ እኔ ሲነጋገሩ ሰምቼ ሥራውን አቋርጬ ወጥቻለሁ። ጥያቄያችሁም ክፍት ይሁን፤ "ዋስትና የለውም አይደል?" ብሎ መጠየቅ መልሱን አፉ ውስጥ ማስገባት ነው። "ቢበላሽ ምን አደርጋለሁ?" ብላችሁ ዝም በሉ፤ ሠራተኛው ቢያስብም ጠብቁት። ይህ ጥበቃ ጊዜ ያባከነ ቢመስልም ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ መልስ ይዘጋል። ልጆችን ይዞ መግባት ግን ከልምዴ የማልመክረው ነው።

ሪፖርቱን በተመለከተ፣ እዚህ ብዙ ድርጅቶች በዚያው ቀን ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ይፈልጉታል። እኔ ከመደብሩ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሳልነሣ ነጻውን ጽሑፍ እጨርስ ነበር፤ ምልክት የሚደረግባቸውን ግን ቤቴ ሆኜ እሞላቸዋለሁ፤ እነርሱ አይረሱም።

በመጨረሻ ይህን ለሚያነቡ ጀማሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታዬ ነው። በዚህ ሥራ ስም የሚደረግ ማጭበርበር እዚህ አገር በጣም የተስፋፋ በመሆኑ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሳይቀር ሕዝቡን ያስጠነቅቃል። አጭበርባሪው ቼክ ይልክልዎታል፤ ባንክ አስገብተው ድርሻዎን አስቀርተው በቀረው የስጦታ ካርድ እንዲገዙና ቁጥሩን እንዲልኩለት ይነግርዎታል። ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ባንኩ ገንዘቡን ከእርስዎ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የሚስጥራዊ ሸማችነት ድርጅቶች ማኅበርም እውነተኛ ድርጅት ከሸማቹ የመመዝገቢያ ገንዘብ እንደማይጠይቅ ይናገራል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ "መጀመሪያ በቴሌብር ይህን ያህል ይላኩና ሥራ እንሰጥዎታለን" የሚል ቢመጣ ከዚያው ላይ ይተዉት።

መልስ፦ የጦሳ ጥላ፣ ከደሴ

ወንድሞቼ፣ እርስዎም እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጻፋችሁልኝ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ሦስት ጉብኝት ሠርቻለሁ። ቅጹን በአምስት ቦታ ደለደልኩት፤ የአስቤዛ ዝርዝሩም ሠርቶልኛል። አንዱን ጉብኝት ሀምሳ ደቂቃ ውስጥ ጨርሼ፣ መናፈሻ አካባቢ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ ነጻውን ጽሑፍ እዚያው ጻፍኩ፤ የቀረው ቤት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው የፈጀብኝ። ሦስቱም አልተመለሱም።

ነገር ግን የትውውቁን ጉዳይ ገና አልፈታሁትም። ከሦስቱ በአንዱ የሂሳብ መክፈያዋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ሆና ተገኘች፤ ሥራ ስትጨርስ ቡና አብረን እንድንጠጣ አጥብቃ ለመነችኝ። እምቢ ማለት በእኛ አገር ነውር ነው፤ እሺ ብል ደግሞ ስለ እርሷ የምጽፈውን ይዤ አብሬያት ልቀመጥ ነው። ከቦርከና ጋር ተለዋውጠን እኔ ኮምቦልቻን፣ እርሳቸው ደሴን ቢሠሩስ ብዬም አስቤ ነበር።

መልስ፦ ቦርከና፣ ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ በሁለታችን መካከል በግል መለዋወጥ አንችልም። ሥራው የተሰጠው በእርስዎ ስም ነው፤ የምሥጢር ስምምነቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ከዚህም አልፎ የትኛው መደብር እንደሚጎበኝ ለእኔ መንገርዎ ራሱ ስምምነቱን ያፈርሳል። ማድረግ የሚችሉት ለአስተባባሪዎ የዘመድና የትውውቅ ዝርዝር ማቅረብ ነው፤ ስም ሳይጠሩ "በዚህ ቅርንጫፍ የማውቀው ሠራተኛ አለ" ማለት ይበቃል። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ካቀረብኩ ወዲህ የራሴ ሰፈር መደብሮች አይሰጡኝም፤ በምትኩ ወልዲያ ተጨመረልኝ። የጉዞው ወጪም በክፍያው ውስጥ እንዲታሰብ ጠይቄ ተስማምተውልኛል።

ለተሠራው ጉብኝት ደግሞ ነጻ ጽሑፉ ላይ "ገንዘብ ተቀባይዋ ከዚህ በፊት የምታውቀኝ ስለሆነች የሰላምታውን ጥያቄ በዚህ መንፈስ ይመልከቱት" ብለው አንድ መስመር ይጨምሩ። ክፍያዎ አይቀነስም፤ ቢቀነስ እንኳ ከዚያ በኋላ የሚልኩትን ሁሉ ያምኑዎታል።

መልስ፦ የቀድሞ የፎቅ ኃላፊ፣ ከደሴ

ልጄ፣ ቡናውን ጠጪ። ሪፖርቱን ልከሽ ከጨረስሽ በኋላ ግን ይሁን፤ ከመላክሽ በፊት ከሆነ "ዛሬ እናቴ ዘንድ ቀጠሮ አለብኝ፣ ቅዳሜ ይሁንልን" በያት፤ ቅዳሜም አትቅሪ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ልጆቹን ሁሉ በዓመቱ መጀመሪያ ሰብስበን ሚስጥራዊ ሸማች እንደሚመጣ፣ መቼና ማን እንደሆነ ግን እንደማይታወቅ እንነግራቸው ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ብታውቅም እንደ ክህደት አትቆጥረውም።

ሌላ አንድ ነገር፤ የሰላምታው ጥያቄ "በ30 ሰከንድ ውስጥ በቃል ሰላም ተብለዋል?" የሚል ከሆነ፣ እዚህ ሠራተኛ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብትልልሽ "በቃል አይደለም፤ በእጅና በጎንበስታ ሰላም ብላኛለች" ብለሽ ጻፊ። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ይህን አላሰቡትም ይሆናል፤ ከደሴ ካልተጻፈላቸው ደግሞ ሊያውቁት አይችሉም።

መልስ፦ የጦሳ ጥላ፣ ከደሴ

ተረድቻለሁ እትዬ። የቅርንጫፎቹን ዝርዝር ዛሬ ማታ ጽፌ ለአስተባባሪዬ እልካለሁ፤ የሰላምታውንም ነገር በሚቀጥለው ሪፖርቴ አስገባዋለሁ። ቡናው ለቅዳሜ ሆኗል።